45 ዲግሪ ለዘላይ አይሠራም

ማሞ ወልዴ ማራቶንን ባሸነፈበት የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የሜክሲኮ ሲቲ ኦሊምፒክ፣ አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር ዘለለ። ክብረ ወሰኑ በአንድ ዝላይ በ55 ሴንቲ ሜትር ተሻሻለ!

ዘላይ መሬት ከለቀቀ በኋላ ወደ ፊት የሚወስደው ፍጥነት ብዙም አይቀንስም። ወደ ላይ ያነሳውን ፍጥነት ግን የመሬት ስበት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ያስቆመዋል፤ ከዚያ ቁልቁል ይጎትተዋል። ሁለቱ ሲጣመሩ መንገዱ ፓራቦላ የሚባል ቅስት ይሆናል። ጋሊሊዮ ይህን በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል።

ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአየር መቋቋም ከሌለ በ45 ዲግሪ የተወረወረ ነገር ከሁሉም ሩቅ ይደርሳል። ዘላዮች ግን የሚነሱት በ20 ዲግሪ ገደማ ነው። በ45 ለመነሳት ወደ ላይና ወደ ፊት ያለው ፍጥነት እኩል መሆን አለበት፤ በሰከንድ 10 ሜትር እየሮጠ ለሚመጣ ሰው ደግሞ በአንድ እግር ግፊት ያን ያህል መነሳት የማይታሰብ ነው።