ያመለጠችን ብርሃን

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41። ቢቸናና ሞጣ ላይ የፍልሰታ ጾመኛ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ነጠላውን ከዝናብ እየሰበሰበ ወደ ቤቱ የሚያዘግምበት ሰዓት ነው። በዚያች ደቂቃ የአሜሪካዎቹ የላይጎ መሣሪያዎች የስበት ሞገድ ያዙ። 1.7 ሰከንድ ቆይታ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ መዘገበች። በ130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው ነበር።

ኒውትሮን ኮከብ ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ወርዱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ገበሬ ገበያ ለመድረስ የሚሄደውን ያህል መንገድ። ሁለቱ ሲላተሙ የሚረጨው ፍርስራሽ ወርቅና ፕላቲነም ያበጃል። የጣት ቀለበታችን ወርቅ ከፊሉ ቢያንስ ከእንዲህ ያለ ግጭት እንደመጣ ይታመናል። ፍርስራሹ የሚሰጠው ብርሃን ኪሎኖቫ ይባላል። ችግሩ ደብዛዛና ችኩል መሆኑ ነው፤ የያኔው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ዞሮ ከሰመ።

ሰማይ አሳሽ ቴሌስኮፖች ሥራቸው እረኛ ማታ በረት አፍ ላይ ቆሞ ከብቱን እንደሚቆጥረው ነው። የዛሬውን ምስል ከቀድሞው ይቀንሳሉ፤ የተረፈው ነጥብ አዲስ እንግዳ ነው። ግን እንግዳው ብዙ ነው፦ ሱፐርኖቫ፣ ተንቀሳቃሽ አስትሮይድ፣ ድንገት የሚነድ ትንሽ ኮከብ። በካሊፎርኒያ የፓሎማር ተራራ ላይ ያለው የዝዊኪ አሳሽ ይህን ሁሉ ሲያበጥር የጋማ ፍንዳታ ቅሪት ብርሃኖችን አገኘ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ግን አንድም ኪሎኖቫ አልነበረም። አሁን ቺሌ ላይ መስተዋቱ 8.4 ሜትር የሆነው የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ተራውን ይዟል።

ወደ ነሐሴ 11 ልመለስ። ግጭቱ የደረሰባት ጋላክሲ፣ ኤንጂሲ 4993፣ በዚያ ምሽት በእኛም ሰማይ ላይ ነበረች፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ለሦስት ሰዓት ያህል፣ በምዕራብ። ወዴት እንደሚታይ የሚጠቁመው የተጣራ ካርታ ለዓለም የተላከው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ ጋላክሲዋ አድማስ ልትነካ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲቀራት። ቺሌ ገና ቀን ነበር። እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች እስኪመሽላቸው ጠብቀው፣ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ በስዎፕ ቴሌስኮፕ ብርሃኑን አገኙት።

የነሐሴ ደመና ምንም አያሳይም ነበር፣ እሺ። ግጭት ግን ወር አይመርጥም፤ በጋችን ረጅም ነው፤ እኛ ጋ ሲመሽ ቺሌ ገና ቀን ነው። የአገራችን ትልቁ ሀብት፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው የሰዓት ልዩነት ነው። የእንጦጦው የቴሌስኮፕ ጣቢያ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም ከሥሩ የአዲስ አበባ መብራት ይንቦገቦጋል። ባለሙያዎች የላሊበላ አካባቢ ተራሮችን ለሌላ ጣቢያ ያጠኑት ስለዚህ ነው። የጮቄ ተራራም ይጠና ባይ ነኝ፤ ደመና እንደሚወድ የሞጣ ሰው አይክድም፣ የበጋ ሌሊቱ ጨለማ ግን ጨለማ ነው።

«መሣሪያችን ትንሽ ነው» የሚል ካለ፣ የእንጦጦዎቹ ሁለት ቴሌስኮፖች መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ነው። የስዎፕም አንድ ሜትር ነው።