ረዓይት፦ ያላረሱትን የበሉ ግዙፋን

መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ቆላ ናት፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። መጽሐፈ ሔኖክ ቁመታቸው 3,000 ክንድ ነበር ከሚላቸው ረዓይት አንዱ መተማ ገበያ መሀል ቢቆም፣ አንዱን ክንድ በ45 ሳንቲ ሜትር ብናሰላው፣ 1,350 ሜትር ይረዝማል። በጭልጋ በኩል ያለውን ዳገት ሁሉ በቁመቱ ብቻ ጨርሶ አናቱ ጎንደር ከተማ ጥግ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። አላጥሽ ፓርክ ውስጥ ያለው ዝሆን ከቁርጭምጭሚቱ አይደርስም።

ትውልዳቸው ከተራራ ነው። እንደ ሔኖክ አነጋገር፣ በያሬድ ዘመን ትጉሃን የሚባሉ 200 መላእክት በአርሞንዔም ተራራ ላይ ወረዱ። አለቃቸው ሰምያዛ ብቻውን ዕዳ እንዳይሸከም ሰግቶ ሁሉንም አማማላቸው። ከዚያ የሰውን ሴቶች ልጆች አገቡ፤ ከእነሱም ረዓይት ተወለዱ። የኛ ሊቃውንት ግን መልአክ ያገባል፣ ይወልዳል የሚለውን አይቀበሉም። ለእነሱ የወረዱት የአዳም ልጅ የሴት ልጆች ናቸው፤ በንጽሕናቸው መላእክት የተባሉ፣ በደብር ቅዱስ ላይ በጾምና በጸሎት የሚኖሩ ደገኞች። የቃየል ልጆች ደግሞ ታች ቆላ ነበሩ።

የአወራረዱን ነገር ከሁሉ አሳምሮ የሚተርከው ገድለ አዳም ነው። ከቃየል ወገን የሆነ አንድ ብልሃተኛ መለከቱን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱን ሠራ፤ ከእህልም የሚያሰክር መጠጥ ጠመቀ፤ ሰዉንም በየመጠጥ ቤቱ ሰብስቦ ያስጨፍር ጀመር። ድምፁ ተራራው ላይ ተሰማ። ደገኞቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል ሲመለከቱ ሰነበቱ፤ ሔኖክ አትውረዱ ቢላቸውም የሰማው የለም። ወርደው ያሻቸውን ካደረጉ በኋላ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ሲሉ የተራራው ድንጋይ በፊታቸው እንደ እሳት ነደደ፤ መውጫ አጡ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ገለጉና መተማ የሚወርድ ሳሉግ (የወቅት ሠራተኛ) ይህን ቢሰማ ሳይስቅ አይቀርም። ቆላ የወረደ ደገኛ እንደ ወጣ ይቀራል የሚለው ስጋት ለእሱም አዲስ አይደለም፤ እርግጥ የእሱን መንገድ የሚዘጋው ወባ ነው እንጂ የሚነድ ድንጋይ አይደለም።

አሁን ወደ ኑሯቸው። ሔኖክ ረዓይት ቤት ሠሩ፣ ከብት አረቡ፣ መሬት አቀኑ ብሎ አንድም ቦታ አይጽፍም። ስለ ኑሯቸው የሚነግረን መብላታቸውን ነው፤ መብላታቸውም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የሰው ልጅ ለፍቶ ያመጣውን ሁሉ በሉ። ቀላቢው ሰው ሲያቅተውና ጎተራው ባዶ ሲሆን ቀላቢውን ራሱን በሉት። ቀጥለው በአዕዋፍ፣ በአራዊት፣ በሚሳቡና በዓሣዎች ላይ ዘመቱ። በመጨረሻ እርስ በርሳቸው ተበላሉ፤ ደም ጠጡ። በእኔ ንባብ የእነዚህ ፍጥረታት መለያ ቁመታቸው ሳይሆን ይህ ነው፤ ሌላው ያረሰውን እየበሉ የሚኖሩ፣ የሚቀልባቸውንም የጨረሱ። የሰሊጥ ማሳ ያረመ ሰው የቁመቱን ቁጥር ቢጠራጠር እንኳ ይህኛውን አይጠራጠርም።

የእጅ ሥራም የላቸውም። ጥበቡ የአባቶቻቸው ነበር። አዛዝኤል ሰይፍ፣ ቢላዋ፣ ጋሻና ጥሩር እንዴት እንደሚሠራ፣ አምባሩንና ኩሉንም ጭምር አስተማረ፤ የተማረው ግን የሰው ልጅ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ግዙፋኑን በሦስት ወገን ከፍሎ አንዱ ሌላውን እንደገደለ፣ የመጨረሻው ወገን ሰውን፣ ሰውም ሰውን እንደገደለ ይናገራል። ፍጻሜያቸውም ከዚሁ ጠባይ የመጣ ነው። ገብርኤል የታዘዘው እርስ በርሳቸው እንዲያፋጃቸው ነበር። አባቶቻቸው የልጆቻቸውን እልቂት በዓይናቸው እንዲያዩ ተደርጎ፣ ከዚያ ለ70 ትውልድ ከምድር በታች ታሰሩ።

ይህን ሁሉ ዓለም በሙሉ የሚያነበው የግዕዙ መጽሐፍ ስለተረፈ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አገሩ የተመለሰው በዚሁ ቆላ ነው፤ ዛሬ መተማ በምንለው አካባቢ በነበረችው ራስ አል ፊል አድርጎ ወደ ስናር። ዐፄ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት የራስ አል ፊል ገዥ ብለው ሾመውት ስለነበር መንገዱ ሹመቱን አቋርጦ ያልፋል። አውሮፓ ሲደርስ የሔኖክ ሦስት ቅጂዎች ነበሩት፤ አንዱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ሄደ፣ አንዱ ኦክስፎርድ ገባ። ከዚያኛው ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው የረዓይትን ቁመት 300 ክንድ አለው። ቅጂዎቹ በቁጥሩ አይስማሙም፤ ኋላ የተነሡት ተርጓሚዎች 3,000ውን መረጡ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ 135 ሜትር የሚረዝም ፍጡር የአገር ጎተራ ለማራቆት ያንሳል።

ግዕዙ ረዓይትን ሲያስበላ እንጂ ሲያናግር አናገኘውም። ድምፃቸው የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ፣ ቁምራን ከሚገኙት ዋሻዎች በአንዱ የአረማይክ ብራናዎች ቁርጥራጭ ሲገኝ ነው። ከሔኖክ ቁርጥራጮች ጋር ስለ ግዙፋኑ ብቻ የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ ነበር። በዚያ ውስጥ የሰምያዛ ልጆች ኦህያና ሃህያ እንቅልፍ አጥተዋል። አንዱ በሕልሙ የአትክልት ቦታ ሲጠፋ አይቷል፤ ሌላው የሰማይ ገዥ ለፍርድ ሲወርድ። ፍቺውን የሚያውቅ ቢያጡ ማሀዋይ የሚባለውን ባልንጀራቸውን በረሃ አሻግረው ወደ ሔኖክ ላኩት። እንደ ወፍ በርሮ ሄደ። ከግዙፋኑ መካከል ጊልጋሜሽ የሚል ስም መኖሩ ደግሞ የባቢሎን ጀግና ወደዚህ ተረት እንዴት ገባ ያሰኛል። ሰው በላ ግዙፍ ሕልም አስፈርቶት ፍቺ ሲለምን ማየት ከ3,000ው ክንድ ይበልጥ ያስገርማል።

ከጥፋት ውኃ በኋላ በተራራ የቀሩት ትንንሾች ናቸው። አርሞንዔምንም ይገዛ የነበረው የባሳን ንጉሥ ዐግ፣ የብረት አልጋው ርዝመት ዘጠኝ ክንድ፣ አራት ሜትር ግድም ነበር። በኬብሮን ተራሮች የነበሩትን የዔናቅ ልጆች ያዩ የእስራኤል ሰላዮች ራሳቸውን በፊታቸው እንደ አንበጣ ቆጠሩ፤ ኢያሱ ግን ከተራራማው አገር አጠፋቸው። ጎልያድ ላይ ሲደርስ ስድስት ክንድ ከስንዝር ቀረ።

ትልልቆቹ ሥጋቸው ቢሞትም ነፍሳቸው አልተዋችንም። ሔኖክ እንደሚለው ከሥጋቸው የወጡት መናፍስት ክፉ መናፍስት ሆነው በምድር ቀሩ፤ አሁን መብላት ቢያቅታቸውም ይጠማሉ። ኩፋሌ ላይ የኖኅን የልጅ ልጆች ሲያስቱና ሲያሳምሙ ኖኅ ጸለየ፤ ሁሉም እንዲታሰሩ ታዘዘ። አለቃቸው መስቴማ ግን ጥቂት ይተውልኝ ብሎ ለመነ። ከዐሥር ዘጠኙ እጅ ታሰሩ፣ አንዱ እጅ ቀረለት። መላእክቱ ለቀሩት መናፍስት ደዌ መድኃኒት የሚሆነውን ዕፅ ለኖኅ አስተማሩት፤ እሱም በመጽሐፍ ጽፎ ለሴም ሰጠው።