ቅዳሜ ለበጎ ሥራ፣ እሑድ ለሽርሽር፦ አብሮ አደጎች ሲሰባሰቡ

በአንድ ወንበር ተቀምጠው የተማሩ፣ አንድ እርሳስ ለሁለት ቆርጠው የጻፉ፣ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ቆሎ ተካፍለው የበሉ ልጃገረዶች፣ ትዳር ከያዙ በኋላ የሚገናኙት ብዙውን ጊዜ በልቅሶ ቤት ነው። ይህ የሚሆነው ፍቅራቸው ቀዝቅዞ ሳይሆን ጊዜ አጥተው ነው። ወንዶች ከጋብቻም በኋላ ቢሆን የሚገናኙበት ሰዓትና ቦታ አያጡም። ሴቷ ግን ከመሥሪያ ቤት ወይም ከገበያ ስትመለስ ሌላ ሥራ ቤቷ ይጠብቃታል። ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ለእርሷ የተጠራቀመ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ሽሮና በርበሬ የሚሰናዳበት ቀን እንጂ የዕረፍት ቀን አይደለም።

በዛሬው ጽሑፋችን የአቃቂ ቃሊቲ አብሮ አደጎች እነዚህን ሁለት ቀኖች ለበጎ ሥራና ለመዝናኛ እንዴት ሊያውሏቸው እንደሚችሉ እንመለከታለን። አቃቂን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነበር። ከዚያም በኋላ የጨርቃ ጨርቅ፣ የምግብና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአካባቢው ተተክለዋል። ከየአገሩ ለሥራ የመጡ ወላጆች ልጆች በአንድ ሰፈር አድገው በአንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ዛሬ አንዷ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ሌላዋ በገላን፣ ሦስተኛዋ በሳሪስ ትኖር ይሆናል። በቀድሞው ሰፈር ግን እነርሱን በልጅነታቸው እንደ ልጆቻቸው የቆጧቸውና የመገቧቸው፣ ዛሬ አርጅተው ጧሪ ያጡ እናቶች አሉ።

እንግዲህ ስድስት አብሮ አደጎች እንውሰድ። አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ነርስ፣ ሁለቱ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ አንዷ ነጋዴ፣ አንዷ የቤት እመቤት ናቸው እንበል። እነዚህ ሴቶች ክረምት ከመግባቱ በፊት አንዲት ቅዳሜ መርጠው፣ የአንዲት አረጋዊት እናትን ቤት ለመጠገን ቢነሡ ምን ያስፈልጋቸዋል?

በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ባለቤቷን መጠየቅ ነው። «እማማ፣ ምን ይቅደም?» ብሎ መነጋገር ይገባል። እኛ ጣሪያው ይቅደም ስንል፣ እርሳቸው የሚቸግራቸው የምድጃው ጭስ ወይም ውሃ ከሩቅ መቅዳቱ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በጊዜ መዘጋጀት ነው። የምርጊት ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ካልሰነበተ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጭቃው በሳምንቱ ቀደም ብሎ መቦካት አለበት። የሚያፈስ ቆርቆሮ ላይ መውጣት ደግሞ ሙያ ላለው ሰው የሚተው ነው፤ ገንዘብ አዋጥቶ አናጺ መጥራት ያዋጣል። ሌላው ሥራ፣ መምረጉ፣ መጥረጉ፣ ማጠቡና ማብሰሉ፣ ለሁሉም ይዳረሳል። ነርሷ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መውሰዳቸውን ትጠይቃለች። አስተማሪዋ የሚነበብ ወረቀት ካላቸው ታነብላቸዋለች። በዚህ ጊዜ የአረጋዊቷን ችግር ፎቶግራፍ እያነሡ ለሰው ማሳየት ግን የእርሳቸውን ክብር ስለሚነካ መቅረት ያለበት ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ገበሬው በደቦና በወንፈል ተረዳድቶ ኖሯል። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር ዘምተዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ስማቸውን ለመጻፍ አብቅቷል። በቅርቡም በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ በአዲስ አበባ በሰፊው ተካሂዷል። ዘመቻ ግን ይጀመራል፣ ያልቃል። አብሮ አደግ ግን የእማማን ቤት በር ታውቀዋለች፤ በሚቀጥለውም ወር ተመልሳ ትመጣለች። ልዩነቱ ይኸው ነው።

ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ ለማይችሉም ሌላ መንገድ አለ። ደም መለገስ አንዱ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደታቸው ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰና ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ሊለግሱ ይችላሉ። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች መለገስ የለባቸውም። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናት ሕይወቷ የሚተርፈው ደሙ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሲጠብቃት መሆኑን ለሴቶች መንገር አያሻም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ስድስቱ ሴቶች ቅዳሜ ከቤት ሲወጡ፣ በየቤታቸው ምጣዱን የሚጥደው ማን ነው? ሴቷ አርብ ሌሊቱን ሙሉ ስትጋግርና ስታጥብ አድራ ቅዳሜ ለበጎ ሥራ ብትወጣ፣ ዕርዳታው የተከፈለው ከእንቅልፏ ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ካደረገች፣ ሦስተኛው ላይ ደክሟት መቅረቷ የማይቀር ነው። ያን ጊዜ «ሴቶች የጀመሩትን አይፈጽሙም» ይባላል። ስለዚህ በጎ ሥራው የሚጀምረው ከሴቷ ከራሷ ቤት ነው። ባል ልጆቹን አጥቦ ቁርስ ቢያበላ፣ ወንድ ልጅ ልብሱን ቢያጥብ፣ ወጥ መሥራት የሚችልም ቢሠራ ክብሩ አይቀነስም። እንዲያውም ለእማማ ቤት ጭቃ ያቦካው እጅ፣ በራሱ ቤት ሽንኩርት መላጥ የሚያሳፍረው ለምን ይሆን? ይህን ነገር ባልና ሚስት በሳምንቱ አጋማሽ ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል። በመጨረሻዋ ሰዓት የሚነሣ ጥያቄ ጠብን እንጂ ስምምነትን አያመጣም።

እሑድ ደግሞ የሽርሽር ቀን ነው። ሽርሽር የባለጸጎች ነገር ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ቢሾፍቱ ለአቃቂ ሰው ይበልጥ ቅርብ ነው። ከቤት ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙዝ ይዞ መሄድ ወጪውን ያቀለዋል። ሆራና ባቦጋያ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ ያሉ ሐይቆች በመሆናቸው ከዳር ጥቂት ራቅ ሲባል በድንገት ይጠልቃሉ፤ ስለዚህ ልጆችን ከዓይን ማራቅ አይገባም። ራቅ ብሎ ለመሄድ የማይመቻቸው ወደ አባ ሳሙኤል ሊሄዱ ይችላሉ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት ይህ ግድብ፣ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለብዙ ዘመን ሥራ አቁሞ ቆይቶ፣ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል፤ አቅሙም 6.6 ሜጋዋት ነው። ለልጆች ታሪኩን መንገር መልካም ትምህርት ነው። የከተማው ፍሳሽ ስለሚገባበት ግን ውሃው ለመታጠቢያም ሆነ ለመጠጥ አይሆንም።

በሽርሽሩ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ጨዋታው ነው። ያዘነችዋ ኀዘኗን፣ የተቸገረችዋ ችግሯን የምትናገረው፣ ልጅነቷን ለሚያውቋት ነው። ብዙ ሴቶች ለባልም፣ ለጎረቤትም የማይነግሩት ጭንቀት አላቸው። አብሮ አደግ ሳትፈርድ ታዳምጣለች፤ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ሐኪም ይዛ ትሄዳለች። ይህ ከቤት ጥገናው የማያንስ በጎ ሥራ ነው።

ይህን ሁሉ በየሳምንቱ ማድረግ አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። እንደ ጽዋ ማኅበር ተራ አውጥቶ፣ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ቀን መቁረጥ ይበቃል። መዋጮው ከመካከላቸው ዝቅተኛ ገቢ ያላት ሴት ሳትሳቀቅ የምትከፍለው ይሁን። ሒሳቡን አንዷ ትያዝ፣ ሌላዋ ትመርምር። ከመለያየታቸው በፊትም የሚቀጥለውን ቀን ይወስኑ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፣ ሸክሙን ስድስቱ ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ ባሎቻቸውና ልጆቻቸውም ጭምር ይካፈሉት።