የአንድ ቀን ጉብኝት በገበያ ቀን፤ ባቲ፣ ሰንበቴና የከሚሴ ዙሪያ

ከከሚሴ ጠዋት ተነስቶ ማታ ለመመለስ፣ በትንሽ ወጪም ብዙ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከሳምንት ገበያ የተሻለ ጉዞ አይገኝም። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በስፋት የሚታወቁት ሁለት ገበያዎች የሰንበቴና የባቲ ናቸው። ሰንበቴ እሑድ ይውላል፣ ባቲ ሰኞ። ሁለቱም የመግቢያ ዋጋ የላቸውም። ጎብኚው የሚያወጣው ለመኪና፣ ለምሳና ለሻይ ብቻ ነው።

በአውሮፓ ከተሞች በአነስተኛ ገንዘብ የሚጓዝ ሰው ቀኑን ነጻ ሰዓት ሲያሳድድ ይውላል። የማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሰዓታት ያለ ክፍያ ያስገባል፤ የቫቲካን ሙዚየሞች ደግሞ በወሩ የመጨረሻ እሑድ በነጻ ይከፈታሉ፣ ሰልፉ ግን አይጣል ነው። ለከሚሴ ተጓዥ ሰዓት ማሳደድ አያስፈልገውም፤ ቀን መሳት ግን ጉዞውን በሙሉ ያበላሽበታል። ማክሰኞ ባቲ የገባ ሰው የሚያገኘው እንደማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ ሻይ ቤትና ሱቅ ነው። ሰው የሚያወራለት ባቲ ሰኞ ጠዋት ተሰብስቦ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይበተናል።

ገበያዎቹ ለምን እዚህ እንደተተከሉ የመሬቱ አቀማመጥ ይናገራል። ዞኑ የወሎና የሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ነው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር፣ ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ደጋም በረሃም አይባሉም። ግመል ዳገቱንና የደጋውን ብርድ አይወድም፤ የደገኛው አህያና በቅሎም የአፋርን ሙቀትና የውሃ እጥረት አይችሉም። ስለዚህ ጭነት ከአንዱ ጀርባ ወርዶ በሌላው ላይ የሚጫንበት ቦታ ያስፈልግ ነበር፤ እንዲህ ያለው ቦታ ሁሉ ውሎ አድሮ ገበያ ይሆናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነው የይፋቱ አልዩ አምባም ከደጋውና ከቆላው መካከል በመቀመጡ ነው የበለጸገው። አልዩ አምባ የያኔውን ያህል ዛሬ አይወራለትም፣ ባቲ ግን ጭነት መኪና ከመጣ በኋላም ግመሉን አላጣም።

ባቲ ከከሚሴ በቀጥታ አይደረስም። መጀመሪያ በዋናው የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮምቦልቻ መግባት፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መውረድ ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የድሮው የአሰብ መንገድ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተሠርቶ፣ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት እስኪጀመር ድረስ የአገሪቱ ዋና የወደብ መስመር ሆኖ አገልግሏል። በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄድ ሰው ሁለት ጊዜ ይሳፈራል፦ ከከሚሴ መናኸሪያ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ። ሚኒባስ የሚነሳው ሰዓት ቆጥሮ ሳይሆን ሲሞላ ነው። ሰኞ ጠዋት ግን ገበያተኛው ብዙ ስለሆነ ወዲያው ይሞላል፤ በዚህ ረገድ የገበያ ቀን ለጎብኚም ይጠቅማል። ከከሚሴ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የተነሳ ገበያው ሳይደምቅ ይደርሳል። ወጪ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ኮንትራት መኪና አይይዝም፤ ከመሳፈሩ በፊትም የመስመሩን ታሪፍ ከረዳቱ ሳይሆን አጠገቡ ከተቀመጠው ተሳፋሪ ይጠይቃል።

ባቲ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ትሞላለች። ገበያው አንድ ወጥ ሜዳ ቢመስልም ተራ ተራ አለው፤ ለሚጎበኝ ሰው ደስታው ይህንን ተራ መለየት ነው። የከብት ተራውና የግመል ተራው ከሌላው ይርቃሉ፤ ከሩቅም በአቧራቸውና በድምፃቸው ይታወቃሉ። የግመል ገዢ የሚያየው ጥርስን፣ ሻኛን፣ አካሄድን ነው። ሻጭና ገዢ ብቻቸውን ሆነው አይስማሙም፤ መካከላቸው ደላላ ይገባል፣ የአንዱን እጅ ይዞ የሌላውን መዳፍ እየመታ ዋጋ ያወጣል፣ ያወርዳል። ቋንቋው አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እየተቀያየረ ነው፤ ጥሩ ደላላ ሦስቱንም ይናገራል። ምንም ሳይገዙ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ማየት የሚያዋጣው ተራ ይህ ነው።

ወደ መሀል ሲገቡ የእህሉ ተራ ይመጣል። ከደጋ የወረደው ጤፍ፣ ባቄላና ምስር፣ የአካባቢው ገበሬ ያመጣው ማሽላና ማሾ በየጆንያው አፍ ላይ ተቆልለው ይታያሉ። ማሾ በአገር ቤት ምግብ ብዙም ስፍራ የለውም፤ የሚመረተው በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ነው፤ የዚህ አካባቢና የሰሜን ሸዋ ቆላ ገበሬም ጥሬ ገንዘብ ከሚያገኝባቸው ሰብሎች አንዱ ነው። ከእህሉ አለፍ ሲል ቅቤ፣ ጨው፣ በርበሬና ጫት ይሸጣሉ። የአፋር ሴቶች ሰሌንና ከዘንባባ የተሠራ ዕቃ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው አሞሌ ጨው በአንድ ዘመን በደጋው እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር፤ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብርም እንዲሁ። ዛሬ ጠገራ ብር ከብር አምባርና ከዶቃ አጠገብ የጌጥ ዕቃ ሆኖ ይገኛል። አሮጌ ነው ተብሎ የሚቀርብ ሁሉ አሮጌ አይደለም፤ መለየት የማይችል ሰው ጌጡን ስለወደደው ብቻ ቢገዛ ይሻለዋል።

ሰዎቹም የሚታዩ ናቸው። ጊሌ የሚባለውን ጩቤ ወገቡ ላይ የታጠቀ አፋር፣ ሽርጥ ያገለደመ ኦሮሞ፣ ጋቢ የደረበ ደገኛ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይጋፋሉ። ይሁንና ማንም ለትርኢት አልመጣም። ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በተለይ ሴቶችን ሳይጠይቁ ማንሳት ጠብ ያስነሳል። ፈቃድ ማግኛው ሰላምታ ነው። «አካም» የሚል እንግዳ፣ ከዚህ በላይ ኦሮምኛ ባይችል እንኳ፣ ፊት አይነሳም።

የባቲ ስም ከገበያው በላይ የሚነሳባቸው ሌሎች ሁለት ጉዳዮች አሉ። ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዋና ቅኝት ከሚባሉት አራቱ አንዱ ባቲ ነው፤ ከተማዋን ያላየ ሰው ሁሉ ስሟን በጆሮው ያውቃታል። በ1977ቱ ድርቅ ደግሞ ከታላላቆቹ የረሃብ መጠለያዎች አንዱ እዚህ ነበር። ሁለተኛው በቅጡ አይወራም፤ ጎብኚ ባያነሳውም ማወቁ ተገቢ ነው።

ሰንበቴ በአዲስ አበባው ዋና መንገድ ላይ፣ ከከሚሴ በስተደቡብ፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ትገኛለች። ከከሚሴ የሚነሳ ሰው ጨፋ ሮቢትን፣ ካራቆሬንና አጣዬን አልፎ ይደርሳል፤ መኪና መቀየር ስለማያስፈልግ ከባቲ ጉዞ ይቀልላል። ገበያዋ ከባቲ ያነሰ ቢሆንም የአርጎባ ነጋዴዎችና የይፋት ሰዎች የሚታዩበት በመሆኑ የራሱ መልክ አለው። ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ መዋላቸው ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው የተመቸ ነው፤ እሑድን በሰንበቴ አሳልፎ ከሚሴ ወይም ኮምቦልቻ አድሮ ሰኞን ባቲ ይውላል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ግን ባቲን ቢመርጥ ይበጀዋል።

ገበያ በሌለበት ቀን ከሚሴ ዙሪያ የሚታየው ጨፋ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴና ከኮምቦልቻ ወርዶ እዚህ ሜዳ ላይ ይንጣለላል፤ ክረምት ረግረግ ይሆናል፣ በጋ ሌላው ሲደርቅ ሣሩ ይቆያል። በዚህ የተነሳ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ መንጋ አንድ ላይ ሲግጥ ይታያል፤ የውሃ ወፍም ብዙ ነው። ከመንገዱ ዳር ሆኖ ማየት ምንም አያስከፍልም። በዳዋ ጨፋ ወረዳ በተራራ ራስ ላይ ያለችው ሾንኬ ደግሞ የአርጎባዎች የድንጋይ መንደር ናት፤ 900 ዓመት ገደማ እንደሆናት ይነገራል። ቤቶቹ ተደጋግፈው ዳገቱን እንደ ደረጃ ይወጣሉ። በእስልምና ትምህርት የታወቀችው በሃይማኖት ሊቁ በሼህ ጀውሀር ምክንያት ጭምር ነው። የእግር መንገዱ አቀበት ስለሆነ ሾንኬ ሙሉ ቀን ትወስዳለች፤ ከገበያ ጋር አብራ አትታሰብም።

የዞኑ ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ይህም የተጓዡን ዕቅድ ይነካል። በረመዳን ቀን ምግብ ቤት እንደ ሌላ ጊዜ አይከፈትም፤ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ሁሉ ለጁምዓ ይዘጋል። በሌላ ጊዜ ምሳ ርካሽ ነው፤ ሽሮ ወይም ጥብስ፣ ከዚያ ሻይ። ዝርዝር ብር መያዝ ይጠቅማል፤ ገበያ መሀል ለትልቅ ኖት መልስ የሚያወጣ አይገኝም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይመረጣል። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ ክረምት ደግሞ የገበያው ሜዳ ጭቃ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጣራው የመንገዱ ሁኔታ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ በግጭት ተጎድተዋል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴና ኮምቦልቻ ድረስ ዘልቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በድንገት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ለዚህ የሚታመነው ምንጭ በዋዜማው መስመሩን የሠራ ሹፌር ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ ከባቲ ከቀኑ 9 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ መነሳት ያስፈልጋል፤ ገበያተኛው በአንዴ ስለሚበተን ወንበር ይጠፋል፣ ኮምቦልቻ ላይም ለከሚሴ ሌላ መኪና መጠበቅ አለ።