በደብረ ታቦር አጠገብ ስለ ነበረችው የባለ እጆች መንደር

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ በጉብታ ላይ ያለች ትንሽ ስፍራ ናት። ስለ መድፏ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ነዋሪዎቿ ኑሮና አስተዳደር ግን የተነገረው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ይህንኑ ልናወሳ ወደድን።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና ሚሲዮን የመጡትን ባለ እጆች ከሌሎች ጥቂት አውሮፓውያን ጋራ በጋፋት አሰፈሯቸው። ለስብከት የመጡት ሰዎች በንጉሡ ፈቃድ ብረት አቅላጮችና መንገድ ሠሪዎች ሆኑ። ያገር ልጆችም በዚያው ንባብና ጽሕፈት ከእጅ ሥራ ጋራ ይማሩ ነበር።

ሰፈሩ ብዙ ሳይቆይ ትዳር ገባበት። ሙሴ ዋልድማየር በ1852 ዓ.ም. ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይባል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እኅቷንም ሙሴ ሳልሙለር አገባት። የክራኮቭ ተወላጅ የሆነው መድፍ ሠሪ ሞሪትዝ ሆል ደግሞ የሠዓሊውን የዛንደርን ልጅ ወለተ ኢየሱስን አገባ። ሙሽሮቹ ሁሉ በእናታቸው ኢትዮጵያውያት ናቸውና፥ የነዚያ ቤቶች የማጀት ቋንቋ አማርኛ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ወደ አስተዳደሩ እንመለስ። በዚያ ዘመን የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ባላገር ጭቃ ሹም ነበረው፤ ከበላዩም መልከኛ አለ፤ ጠብ ቢነሣ ሽማግሌ ይቀመጣል። የጋፋት ባለ እጅ ግን የሚጠየቀው ለንጉሡ ብቻ ነው፤ ሽልማቱም ቍጣውም በመካከል ሹም ሳያልፍ በቀጥታ ይደርሰዋል። ይህ በደኅናው ቀን ትልቅ ክብር ነው፤ በክፉ ቀን ግን አማላጅ ያሳጣል። በሰኔ 1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልክተኛ ራሳም ከነእስረኞቹ ወባእ ሸሽቶ በጋፋት ተቀምጦ ነበር። ዓመትም ሳይሞላ፥ በሚያዝያ 1859 ዓ.ም. ንጉሡ በባለ እጆቹ ላይ ተቈጡ፤ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ከነቤተ ሰባቸውም ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። የመንደሩ ነገር በዚሁ አበቃ።

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦር ተቃጠለችና ጉዞ ወደ መቅደላ ሆነ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል በሰው ጕልበት እየተጐተተ፥ ንጉሡም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፥ በጋይንት በኩል በጨጨሆ ተሻግሮ መቅደላ እስኪደርስ 6 ወር ያህል ፈጀ። ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን አገር በጥቂት ሰዓት ያልፈዋል። የባለ እጆቹ ሚስቶች ግን ልጆቻቸውን ይዘው ከሰፈሩ ጋራ አብረው ተጓዙ።

መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች። በዚያው በጭንቁ ዓመት ወለተ ኢየሱስ በመቅደላ ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟም ማግዳሌና ተባለ። በኋላም ሆል ቤተ ሰቡን ይዞ በያፋ ተቀመጠ። በ1996 ዓ.ም. ያረፈው፥ በዓለም የታወቀው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ የዚህች የማግዳሌና የልጅ ልጅ ነበር።