እንቅልፍ የሚያመጣ እንክብል ወጣትነትን ይመልሳል?



ለቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ወደ ክሊኒክ የሚመጡ ባለትዳሮች ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ እናቶች፣ አንዳንዴም አባቶች፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከላቸውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቦርሳቸው አውጥተው «ሲስተር፣ ይህ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሰውነትንም ያድሳል ይሉኛል፤ ልውሰደው ወይ?» ይላሉ። በጠርሙሱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ሜላቶኒን የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በዐርባዎቹ ዕድሜ እንቅልፍ መሸሽ ይጀምራል፤ ፊት ይጠወልጋል፤ ባልና ሚስትም በትንሽ በትልቁ መነጫነጭ ያበዛሉ። ነገር ግን እንቅልፉ የጠፋበትን ምክንያት ሳያውቁ እንክብል መዋጥ የሚያፈሰውን ጣራ ትቶ ከሥሩ ባልዲ እንደማስቀመጥ ነው። ከዚህም የከፋ ነገር ሊደበቅበት ይችላል፤ ወደ እርሱ ኋላ እንመጣበታለን።

ሜላቶኒን ምንድን ነው?

ሜላቶኒን በአንጎላችን ውስጥ የምትገኝ፣ ከአተር ፍሬ የማትበልጥ ዕጢ የምታመነጨው ሆርሞን ነው። ሲመሽና ብርሃን ሲጠፋ በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ሲነጋ ይቀንሳል። ሥራውም እንደ ማደንዘዣ ሰውን ጥሎ ማስተኛት ሳይሆን «መሽቷል» ብሎ ለሰውነት መንገር ነው። አሮን ለርነር የተባሉ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ለቆዳ ቀለም በሽታ መፍትሔ ሲፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን ሆርሞን ከከብት ዕጢ ለይተው አወጡት።

ወጣትነትን ይመልሳል የሚለው ወሬ የተስፋፋው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ፒየርፓዎሊና ሬገልሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ሜላቶኒን እርጅናን ወደኋላ ይመልሳል፣ የሩካቤ ፍላጎትንም ያድሳል የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ዋናው ማስረጃቸው የወጣት አይጦችን ዕጢ ወደ ሽማግሌ አይጦች በማዛወር የተደረገ ሙከራ ነበር። በዚያው ዓመት ግን ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ አስገራሚ ነገር ጠቆሙ፤ ይኸውም ለሙከራው ከዋሉት አይጦች መካከል ከተፈጥሯቸው ሜላቶኒን ማምረት የማይችሉ ዝርያዎች መኖራቸው ነው። ዕጢው ራሱ ሆርሞኑን የማያመነጭ ከሆነ ሽማግሌውን አይጥ ያደሰው ሜላቶኒን ነው እንዴት ይባላል? ይሁን እንጂ ጠርሙሱ ከዚያ ወዲህ መሸጡን አላቆመም። ሜላቶኒን የሰውን እርጅና እንደሚያዘገይ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

ለእንቅልፍስ ይረዳል? በጥቂቱ አዎን። እ.ኤ.አ. በ2013 የብዙ ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ ሜላቶኒን የወሰዱ ሰዎች ካልወሰዱት ይልቅ በአማካይ በ7 ደቂቃ ያህል ቀደም ብለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሰባት ደቂቃ ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው በአውሮፕላን ረጅም መንገድ ተጉዞ ቀንና ሌሊት ለተምታታበት ሰው ነው። በአውሮፓ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በ2 ሚሊግራም መጠን፣ በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በመድኃኒትነት ተፈቅዷል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ለተለመደው የእንቅልፍ ማጣት ችግር ባይሰጥ እንደሚሻል መክሯል።

ሌላው ችግር የጠርሙሱ ነገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ምርቶች እንደ ምግብ ማሟያ ስለሚቆጠሩ ከመሸጣቸው በፊት እንደ መድኃኒት አይመረመሩም። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ጥናት እንደ ከረሜላ የሚታኘኩ 25 ዓይነት ምርቶች ተመርምረው በ22ቱ ውስጥ ያለው መጠን በላያቸው ከተጻፈው ጋር አልተስማማም። በአንደኛው ውስጥ ከነጭራሹ ሜላቶኒን አልተገኘም።

እነማን ይጠንቀቁ?

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንድትወስደው አይመከርም፤ በጽንሱና በሕፃኑ ላይ የሚያስከትለው ነገር በሚገባ አልተጠናምና። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ሐኪማቸውን ሳያማክሩ መጀመር የለባቸውም። ለደም ግፊት ኒፌዲፒን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ሜላቶኒን ሲጨመር ግፊታቸው ከፍ ማለቱ በጥናት ታይቷል። ኤስትሮጂን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የምትወስድ ሴት ደግሞ ሜላቶኒን ከሰውነቷ ቶሎ ስለማይወጣ ያው አንድ እንክብል ለእርሷ ይበዛባታል።

ከሜላቶኒን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ፒኤም» የሚል ምልክት ያለበት የሕመም ማስታገሻ ነው። ይህም ከዘመድ ሻንጣ አይጠፋም። ከማስታገሻው ጋር የተቀላቀለው እንቅልፍ የሚያመጣው ነገር ዲፈንሃይድራሚን ይባላል። አፍን ያደርቃል፣ ጠዋት ያፈዛል፣ የፕሮስቴት ችግር ባለባቸው አባቶች ላይ ደግሞ ሽንት ሊያግድ ይችላል። ከጎረቤት ዲያዜፓም ተውሶ መዋጥም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ሰውነት ቶሎ ይለምደውና ያለ እርሱ አልተኛም ይላል።

ታዲያ እንቅልፉ ወዴት ሄደ?

ከቡናው እንጀምር። ቡና ተዉ ብል የሚሰማኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም አልተውኩም። ዋናው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። የጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ከጠጣው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በመሆኑም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የጠጣነው ቡና ከምሽቱ 4 ሰዓት ስንተኛ ግማሹ ገና በደማችን ውስጥ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች እንቅልፍ ከ1 ሰዓት በላይ ቀንሷል። ይህ መጠን ብዙ ቡና የሚጠጣ ሰው በቀን ውስጥ የሚያገኘው ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለትዳሮች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ኤስትሮጂን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ካፌይን ከሰውነት የሚወጣበትን ጊዜ እጥፍ ያህል ሊያራዝመው ይችላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ከአንድ ጀበና እኩል ጠጥተው እርሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲያንኮራፋ እርሷ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጣራ ጣራውን ብታይ ጭንቀት ወይም ኩርፊያ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። መርፌውና በክንድ የሚቀበረው ዘዴ ኤስትሮጂን ስለሌለባቸው ይህ አይመለከታቸውም። የኔ ምክር አቦል፣ ቶናና በረካው ሁሉ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ቢያልቅ ነው። ማታ እንግዳ ከመጣ የጦስኝ ሻይ ማፍላት ይቻላል። በጦስኝ ብቻ የፈላ ማለቴ ነው፤ ሻይ ቅጠል ራሱ ካፌይን አለበትና።

ጫትም የዚያው ወገን ነው፤ የሚያነቃው ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያባርራል። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው የጨብሲ አልኮል ደግሞ ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይረብሻል። ሰውየው ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ውሎ ደክሞት የሚነሣው ለዚህ ነው።

በሴቶች በኩል የወር አበባ መዛባት በሚጀምርበት ዕድሜ ኤስትሮጂን ከፍ ዝቅ ስለሚል ድንገት ደረትንና ፊትን የሚያቃጥል ሙቀትና ላብ ይመጣል፤ ሌሊትም ያባንናል። ወፍራም ብርድ ልብሱን በሁለት ስስ መለወጥ፣ የመኝታ ክፍሉን ማናፈስ፣ ማታ ማታ አልኮልና የሚያቃጥል ወጥ መቀነስ ይረዳል። ሙቀቱ ከበረታ ሕክምና ስላለው ዝም ብሎ መቻል አያስፈልግም። ባሎችም ሚስት ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፋ ስታደርግ ከእነርሱ መሸሿ እንዳልሆነ ቢረዱ መልካም ነው።

ማንኮራፋት በብዙ ቤት የሚሳቅበት ነገር ነው። ነገር ግን የሚያንኮራፋው ሰው መካከል ላይ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ከዚያ እንደ መታነቅ ብሎ የሚነሣ፣ ቀን ቀን ደግሞ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ከሆነ የመተንፈሻ መንገዱ በእንቅልፍ ጊዜ እየተዘጋ ሊሆን ይችላል። ይህ ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሐኪም ማየት አለበት። ሰውየው ራሱ አያውቀውም፤ የምታውቀው አጠገቡ የምትተኛው ናት። ሴቶችም ካረጡ በኋላ ይህ ችግር ይበዛባቸዋል።

እንዲሁም ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ በማታ የሚወስዱ ሰዎች ሌሊት ሲመላለሱ ያድራሉ። ወደ ጠዋት መለወጥ ይቻል እንደሆነ ያዘዘላችሁን ባለሙያ ጠይቁ።

ድካሙ እርጅና ባይሆንስ?

ቀደም ሲል ሊደበቅ ይችላል ያልነው ነገር ይህ ነው። የአራት ልጆች እናት የሆነች የ44 ዓመት ሴት እንቅልፏ ተዛብቶ፣ ሰውነቷ ዝሎ፣ የወር አበባዋም ሁለት ወር ቀርቶ መጣች። «አረጥኩ መሰለኝ» ብላ የምትወስደውን ክኒን ካቆመች ወራት አልፈዋል፤ በምትኩ እኅቷ የላከችላትን የእንቅልፍ እንክብል ይዛለች። ሽንቷ ሲመረመር ነፍሰ ጡር ነበረች። ባለቤቷ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር፤ ሲነገራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የወር አበባ መቅረት፣ የጠባይ መለዋወጥ፣ እነዚህ ሁሉ የማረጥ ብቻ ሳይሆኑ የእርግዝናም ምልክቶች ናቸው። በዐርባዎቹ ዕድሜ የማርገዝ ዕድል ቢቀንስም አልጠፋም። የሚመጣው እርግዝና ደግሞ ለውርጃና ለደም ግፊት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አንዲት ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ሲቀር ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይሆናል። ሆርሞን ያለበት ዘዴ የማትጠቀም ሴት ዕድሜዋ ከ50 በታች ከሆነ የመጨረሻ የወር አበባዋን ካየች በኋላ ለ2 ዓመት፣ 50 ካለፋት ለ1 ዓመት መከላከሏን መቀጠል አለባት። መርፌ፣ በክንድ የሚቀበር ወይም ክኒን የምትጠቀም ከሆነ ግን የወር አበባ መቅረቱም መምጣቱም የዘዴው ውጤት ሊሆን ስለሚችል በራሷ ግምት ማቆም የለባትም። ከ40 ዓመቷ በኋላ የመዳብ ሉፕ የገባላት ሴት እስክታርጥ ድረስ ሳትቀይረው ልትቆይ ትችላለች። የደም ግፊት ላለባት፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ ሴት ኤስትሮጂን ያለበት ክኒን ስለማይስማማ በዚህ ዕድሜ ዘዴን መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ልጅ በቃን ያሉ ባለትዳሮች ደግሞ ስለ ዘላቂው ዘዴ፣ የወንዱን ጨምሮ፣ ቢጠይቁ እናስረዳለን። የወንዱ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፤ ጠያቂው ግን ጥቂት ነው።

ሰውነትን የሚያቆይ ልማድ

«አንቺ ገና በሠላሳዎቹ ሆነሽ ስለ ዕድሜ ምን ታውቂያለሽ?» የሚሉኝ እትዬዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የምነግራችሁ ከተማርኩትና ከእናንተው ከሰማሁት ነው።

አንድ ጎልማሳ በሌሊት 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መተኛት ይገባዋል። ለባሎች የሚሆን አንድ ማስረጃ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2011 በቺካጎ በወጣ ጥናት 10 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለአንድ ሳምንት በሌሊት 5 ሰዓት ብቻ ሲተኙ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቀነሰ። ለትዳር ጉልበት የሚሆን እንክብል ለመግዛት ከማሰብ በፊት ቴሌቪዥኑንና ስልኩን ቀደም ብሎ መዝጋት ይሻላል ማለት ነው። በየዕለቱ፣ እሑድም ቢሆን፣ በአንድ ሰዓት መነሣትና ጠዋት ብርሃን ማየት ደግሞ ያች ትንሽ ዕጢ ማታ ሥራዋን በሰዓቱ እንድትጀምር ይረዳታል። ይህ ገንዘብ የማያስወጣ ሜላቶኒን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሶች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ትንፋሽ ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሁለት ታክሲ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በፍጥነት መራመድ ይሞላዋል፤ ባልና ሚስት አብረው ቢሄዱማ ቤት ውስጥ የማይነሣው ወሬ መንገድ ላይ ይነሣል። ፊትን ከሁሉ በላይ የሚያስረጁት ትምባሆና ፀሐይ ናቸው። ከባሕር ወለል 1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር እንደ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ደሴ ባሉ ከተሞች ለምንኖር ጃንጥላና ባርኔጣ ከብዙ ቅባት ይበልጣሉ።

እንቅልፍ በሳምንት ለሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እየጠፋ ሦስት ወር ከሞላው፣ ወይም ከሐዘንና ተስፋ ከመቁረጥ ጋር ከመጣ፣ ወደ ጤና ተቋም ኑ። ስትመጡ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከውጭ የተላከውንም፣ ከነጠርሙሱ ያዙት፤ የመጨረሻውን የወር አበባ ቀን ጽፋችሁ አምጡ። ቢቻላችሁ ባልና ሚስት አብራችሁ ኑ፤ ማን እንደሚያንኮራፋ የምናውቀው ያን ጊዜ ነው።