ቤዙ የት ገባ? አንዱ የስፒከር ሽቦ ሲገለበጥ

ሁለት ስፒከር ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝታችሁ ሙዚቃ ከፈታችሁ እንበል። ድምፁ ይሰማል፤ የተቃጠለ ነገርም የለም። ግን ከበሮው ድም ድም አይልም፣ ዘፋኙም ከየት በኩል እንደሚዘፍን አይታወቅም። ስፒከሩ ተበላሽቷል ለማለት አትቸኩሉ። ምናልባት የአንደኛው ሽቦ ተገልብጦ ይሆናል።

ስፒከር ውስጥ ማግኔት፣ የሽቦ ጥቅልና ከጥቅሉ ጋር የተጣበቀ ሾጣጣ ወረቀት አለ። በጥቅሉ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ማግኔቱ ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። ወረቀቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ፊቱ ያለውን አየር ያምቃል፤ ሲገባ ያሳሳዋል። ይህ መታመቅና መሳሳት ነው ጆሯችን ደርሶ ድምፅ የሚሆነው። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ቦታ ከተለዋወጡ ኤሌክትሪኩ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ መውጣት የነበረበት ወረቀት ይገባል።

ሁለቱም ስፒከሮች ቢገለበጡስ? አብረው ስለሚወጡና ስለሚገቡ ጆሯችን ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም። ችግሩ አንዱ ብቻ ሲገለበጥ ነው። አንዱ አየሩን ሲያምቅ ሌላው ያሳሳል፤ ሁለቱ ሞገዶች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

ታዲያ ለምን በተለይ ቤዙ? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 340 ለ50 ሲካፈል 6.8 ሜትር ይሆናል። እናንተ ለአንዱ ስፒከር ከሌላው ይልቅ በግማሽ ሜትር ብትቀርቡ እንኳ፣ ለዚህ ረጅም ሞገድ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ መጠፋፋቱ አይቀርም። በሰከንድ 5,000 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን ሞገዱ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ራሳችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ እዚህ ይጠፋፋል፣ እዚያ ይደመራል። ስለዚህ ጨርሶ አይጠፋም።

እስቲ ሞክሩት። ሁለቱን ስፒከሮች ጎን ለጎን አስቀምጡና ቤዝ ያለው ዘፈን ስሙ። ከዚያ አምፕሊፋየሩን አጥፉ፣ የአንዱን ስፒከር ብቻ ሁለት ሽቦዎች አለዋውጡና እንደገና ስሙ። የተላጡት ጫፎች እንዳይነካኩ ተጠንቀቁ፤ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ቤዙ የወፈረበት አገጣጠም ትክክለኛው ነው።

ይህ መጠፋፋት ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። ጫጫታ የሚቀንሱ የጆሮ ማዳመጫዎች በማይክሮፎን የውጭውን ድምፅ ሰምተው ግልባጩን ይለቃሉ። እነሱም የሚበረቱት እንደ አውሮፕላን ሞተር ጉምጉምታ ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን መገመት አያቅታችሁም።